የአራት ቁጥር ነጥብ

«እዚህ አለች ይላል እኮ» አሉ የሶረቲ እናት አዴ ባህሪያ፣ ጣታቸውን ላፕቶፑ ላይ ተክለው። «ቲቸር፣ ይኸው። አራት። የሶረቲ ቁጥር አራት አይደለም እንዴ?»

መምህር አብሳሎም ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። ስክሪኑ ላይ ያለው ካርታ አረንጓዴ ነው፤ በመካከሉ አንድ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ያልፋል፤ እሱ ጅረቱ ነው። ከመስመሩ ዳር አንዲት ቀይ ነጥብ ቆማለች፤ ከጎኗ የአራት ቁጥር አለ። ነጥቧን ይልክ የነበረው ሬዲዮ ግን እዚያ የለም። እዚሁ ጠረጴዛው ላይ፣ ከላፕቶፑ አጠገብ፣ ጭቃው እንኳ ሳይጠረግ ተቀምጧል። ፈላጊዎቹ ዛሬ ማለዳ ከጅረቱ ዳር አንስተው ያመጡት ነው።

«አዴ፣ ካርታው የሚያሳየው መጨረሻ የሰማውን ነው» አሉ መምህሩ። «ሬዲዮው ባትሪ ሲጨርስ ነጥቡ ባለበት ይቀራል። አሁን እዚያ አለች ማለት አይደለም።»

«ታዲያ የት አለች ማለት ነው?»

ሩፈይዳ ከጠረጴዛው ማዶ፣ በተደራረበ ባዶ የቡና ጆንያ ላይ ተቀምጣ ጥያቄውን ሰማች። በዚያ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ግቢ ውስጥ መልሱን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ ወይም የምታውቅ ይመስላት ነበር። ጉልበቷን አቅፋ መሬት መሬቱን አየች።

መምህር አብሳሎም ጅማ ኮሌጅ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የሚያስተምሩ፣ ቅዳሜያቸውን ግን ለሃይስኩል ልጆች የሰጡ ሰው ናቸው። የአማተር ሬዲዮ ክበቡን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ የእጅ ሬዲዮ ይይዛል። ሬዲዮው ያለበትን ቦታ ከሳተላይት እያወቀ በየጊዜው በአየር ይለቃል፤ ኮረብታ ላይ የተተከለ ሌላ ሬዲዮ ይቀበልና ያስተላልፋል፤ ላፕቶፑ ደግሞ ልጁን ካርታ ላይ ነጥብ አድርጎ ያሳያል። ስልክ በማይሠራበት የቡና ጫካ ውስጥ እንኳ ማን የት እንዳለ ይታያል። መምህሩ ይህን ሲያስረዱ ፊታቸው ይበራል። «ከእንግዲህ ሰው አይጠፋብንም» ይሉ ነበር፣ ያንኑ ነገር ለአዲስ ገቢዎች ሁሉ እየደጋገሙ።

ትናንት፣ ቅዳሜ፣ ክበቡ በሚኒባስ ከጅማ ተነስቶ አጋሮን አልፎ እዚህ መጣ። ሥራው ቀላል ነበር። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው በቡናው መካከል ባሉት መንገዶች ይሄዳሉ፤ መምህሩ ደግሞ ማጠቢያ ጣቢያው ቆርቆሮ ሥር ተቀምጠው የሬዲዮው ድምፅ እስከ የት እንደሚደርስ ያያሉ። ሶረቲ አራት ቁጥር፣ ሩፈይዳ አምስት ቁጥር ሆነው ተመደቡ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ተለያይተው ስለማያውቁ ይህን ለማዘዝ መምህር አያስፈልግም ነበር።

ጅረቱ ዳር ካለው ትልቅ ዋንዛ ሲደርሱ ሶረቲ ቆመች።

«ያዢልኝ» አለች፣ ሬዲዮዋን እየዘረጋች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«አባቴ ጋ። ጡሎ እኮ እዚህ ማዶ ነው። ወንዙን፣ ለገ ጉራቻን፣ በተጋደመው ግንድ ከተሻገርኩ ደረስኩ በቃ።»

ሩፈይዳ ደነገጠች። የሶረቲ አባት፣ አባቦራ፣ ከአዴ ባህሪያ ተፋተው ጡሎ መንደር ሌላ ትዳር ከያዙ ቆይተዋል። አዴ ባህሪያ ደግሞ ጅማ፣ ሄርማታ ባለው ቤታቸው በር ላይ ቆመው፣ ሩፈይዳም በሰማችበት፣ ልጃቸውን እንዲህ ብለዋታል፦ «የዚያን ሰውዬ ደጅ ከረገጥሽ እኔን እናቴ እንዳትዪኝ።» አዴ ባህሪያ ደግሞ ያሉትን የሚያጥፉ ሴት አይደሉም።

«አንድ ነገር ብቻ ጠይቄው እመለሳለሁ» አለች ሶረቲ።

«ምን?»

«እሱን ለሱ ነው የምነግረው።»

«ቲቸር ቢያውቅስ?»

«በምን ያውቃል? የሚያየው ነጥብ ነው። አራትና አምስት አብረው ሲሄዱ ያያል፣ አለቀ። አታካብጂ ሩፊ። ስም ሲጠራ ስንት ጊዜ ‹አቤት› ብዬልሻለሁ?»

ይሄ እውነት ነው። ሩፈይዳ ጠዋት ስታረፍድ ሶረቲ ከኋላ ወንበር ድምፅዋን ለወጥ አድርጋ «አቤት» ትልላታለች። ሶረቲ ስትቀር ሩፈይዳ ትልላታለች። ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀ ስለሆነ አስተማሪው ቀና ብሎ አያይም። አንዷ የሌለችበትን ቦታ ሌላዋ ስትሞላ ኖረዋል፤ ጓደኝነት ማለት ለሁለቱም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ማንንም ጎድቶ አያውቅም፤ ውሸት መሆኑንም ረስተውታል። ሬዲዮ መያዝ ደግሞ ያው «አቤት» ማለት ነው።

«ከዘገየሁ ዋንዛው ላይ ስቀይልኝ፤ ስመለስ ይዤው እገባለሁ» አለች ሶረቲ። ከዚያ ፊቷ ኮስተር አለ። «ለእማዬ ግን እንዳትነግሪ። ምንም ቢሆን። ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

«ይመችሽ» አለችና ሻርፗን ወገቧ ላይ አስራ በግራ በኩል ባለችው ቀጭን መንገድ ወረደች። የቡናው ቅርንጫፍ ወዲያው ሸፈናት።

ሩፈይዳ አራትንም አምስትንም በቦርሳዋ ይዛ ስትዞር ዋለች። ካርታው ላይ ሁለት ነጥቦች ጎን ለጎን ሲሄዱ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። ጥቅምት ገብቶ እንኳ አልወጣ ያለ፣ አየሩን የሚያጨልም ዝናብ ነበር። መምህር አብሳሎም ሰግተው ልጆቹን በየቁጥራቸው መጥራት ጀመሩ።

«አራት ቁጥር፣ አራት ቁጥር፣ ደህና ነሽ?»

ሩፈይዳ ዋንዛው ሥር ተጠልላ ነበር። የሶረቲን ሬዲዮ ወደ አፏ አስጠግታ ድምፅዋን ወፈር አደረገች። «አራት ቁጥር፣ ደህና ነኝ ቲቸር፤ ዋንዛው ጋ ነኝ።» ከዚያ የራሷን ሬዲዮ አንስታ በራሷ ድምፅ መለሰች። በሬዲዮ የሁሉም ሰው ድምፅ ተቀራራቢ ነው። መምህሩ «ጎበዞች» አሉ።

ሶረቲ አልመጣችም። ተመለሱ ሲባል ሩፈይዳ ሬዲዮውን በፌስታል ጠቅልላ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለችና ብቻዋን ወደ ግቢው ገባች። «ሶረቲ ከኋላዬ ናት፤ ዝናቡ ይቁም ብላ ነው» አለች። መምህሩ ስክሪኑን አዩ። አራት ቁጥር ዋንዛው ጋ አለች። የሚያሳስብ ነገር አልነበረም።

ዝናቡ ሲያባራ ግን መሽቶ ነበር። ሊፈልጓት የወጡት «ሶረቲ» እያሉ ተጣሩ፤ ነጥቧ እዚያው ሆና ልጅቷ የለችም። ጩኸቱን የሰሙ የመንደሩ ሰዎች ተጨመሩ። ከሩፈይዳ በቀር ሌሎቹ ልጆች በሚኒባሱ ወደ ጅማ ተመለሱ፤ አዴ ባህሪያ በሌላ መኪና ከጅማ መጡ። ንፋሱ ሬዲዮውን ከቅርንጫፉ ጥሎት ስለነበር ማለዳ ላይ በጅረቱ አፋፍ፣ ከሣር መሐል፣ ያለ ፌስታሉ ተገኘ። ጅረቱ ሞልቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማንም ሌላ ነገር አላሰበም። ሁሉም በዱላ የጅረቱን ሥር መውጋት ጀመረ።

ሩፈይዳ ሌሊቱን የማጠቢያ ጣቢያው ጥበቃ ቤት ውስጥ ከአዴ ባህሪያ ጎን ነው ያደረችው። እጃቸውን ይዛ ነበር። ወንዙ ስለሞላ ሶረቲን አባቷ አልለቅም ብለዋት ይሆናል፣ አለች በልቧ። አሁን ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ ተኝታለች፤ ጠዋት ትመጣለች። ዛሬ ብናገር ለምንም ሳይሆን እናቷን አሳጣታለሁ። ሲነጋ ደግሞ ወንዙ እስኪጎድል ነው አለች። ረፈድ ሲል፣ የእንጀራ እናቷ ቁርስ ሳታበላ አትለቃትም አለች። ምክንያት አላጣችም። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይመጣላት ነበር፣ እየቀጠነ ቢሄድም።

ሁለት ሰዎች የቡና ማድረቂያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ከጭቃ ሲያጸዱ ሰማቻቸው።

«ሴት ልጅ እንዲሁ አትጠፋም» አለ አንደኛው። «ከአንዱ ጋር ተቀጣጥራ ሄዳ ነው። እኛ እዚህ ውሃ እንወጋለን።»

«ዝም በል እባክህ፣ እናቷ ትሰማሃለች።»

ሩፈይዳ ደሟ ፈላ። ተነስታ ልትጮህበት ፈለገች። ምን ልትል እንደምትችል ስታስብ ግን ጆንያው ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ሰውዬው በክፋት ያወራው ወሬ በዚያ ግቢ ከተወራው ሁሉ ለእውነቱ የቀረበ ነበር።

መምህር አብሳሎም መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ትናንት የለበሱት ሸሚዝ ላያቸው ላይ ደርቋል።

«አዋራችኝ እኮ» አሉ፣ ለሷ ይሁን ለራሳቸው ሳይታወቅ። «ዋንዛው ጋ ነኝ አለችኝ። ዝናቡን እያየሁ፣ ጅረቱ ቅርብ መሆኑን እያወቅኩ፣ ጎበዝ አልኳት። ያኔ አንድ ሰው ብልክላት ኖሮ…»

«ቲቸር» አለች ሩፈይዳ።

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም። የኔ ጥፋት ነው።»

ይሄ ከሁሉም ባሰባት። በሌሉበት ነገር ራሳቸውን ሲወቅሱ ማየት አልቻለችም። ልትናገር አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ከግቢው በር «የልጅቷ አባት መጡ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሩፈይዳ ዘላ ቆመች። በቃ፣ አመጧት። አንድ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ጃንጥላ ይዘው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ገቡ። ከኋላቸው ሶረቲን ፈለገች። ከኋላቸው ማንም አልነበረም።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ አባቦራ።

አዴ ባህሪያ ከጠረጴዛው ዞሩ። «ዛሬ ነው አባት መሆንህ ትዝ ያለህ?»

«ወሬው እኛ ጋ የደረሰው ዛሬ ጠዋት ነው። የለገ ጉራቻን ግንድ ትናንት ጎርፉ ወስዶታል፤ በመኪናው ድልድይ ዞሬ ነው የመጣሁት።» ጃንጥላቸውን አጠፉ። «ኢንተሊ ኮ ኤሳ ጂርቲ? ባህሪያ፣ ልጄ የት ናት?»

«ልጄ ትላለህ? ካየሃት ስንት ጊዜህ ነው?»

«ሁለት ረመዳን አለፈ» አሉ አባቦራ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

ሩፈይዳ የቡናውን አልጋ ደገፍ አለች። ሁለት ረመዳን። ታዲያ ትናንት አልደረሰችም። ሞቅ ያለው ቤት፣ ቁርሱ፣ አልለቅም ያሉት አባት፣ ሌሊቱን ሙሉ የገነባችው ነገር ሁሉ የለም። ያለው የተወሰደው ግንድ ነው።

አባቦራ ጃንጥላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ ከአንዱ ወጣት ዱላ ተቀብለው ወደ ጅረቱ ወረዱ። ሩፈይዳ ተከተለቻቸው። እስከ ወገባቸው ውሃው ውስጥ ገብተው፣ ሌሎቹ አንድ ጊዜ የፈለጉትን ቦታ እንደገና መፈለግ ጀመሩ። ዱላውን በኃይል አይወጉትም። ከሥሩ የተኛን ሰው እንዳያሳምሙ የሚጠነቀቁ ይመስል ቀስ አድርገው ይሰዱታል፤ ቀስ አድርገው ያወጡታል። «ሶሬ» ይላሉ በየመሐሉ፣ በዝቅታ።

ሶረቲ ያልረገጠችው ውሃ ነው።

ወላሂ ብያለሁ፣ አለች ሩፈይዳ በልቧ። ለእናቷ አልናገርም ነው ያልኩት እንጂ ለአባቷ አልናገርም አላልኩም። ወዲያው አፈረች። አዴ ባህሪያ ከኋላዋ፣ አፋፉ ላይ ቆመዋል፤ የምትናገረውን ሁሉ ይሰማሉ። መሐላው ይፈርሳል፤ ሶረቲም ብትገኝ ይቅር አትላት ይሆናል። ይቅር አለማለት የምትችል ሶረቲ ብትገኝ ግን ምን አለበት።

«አባባ» አለች። «ይውጡ። እዚህ የለችም።»

አባቦራ ቀና አሉ። «ምን አልሽ ልጄ?»

«ሶረቲ እዚህ አልነበረችም። ሬዲዮዋን ይዤ የዋልኩት እኔ ነኝ። ዋንዛው ላይ የሰቀልኩትም እኔ ነኝ። እሷ ትናንት ጠዋት ወደ ለገ ጉራቻ ወርዳለች።» በጣቷ አቅጣጫውን አመለከተች። «ወደ እርስዎ ነበር የምትመጣው። አንድ ነገር ልጠይቀው ብላ።»

ጅረቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች መውጋታቸውን አቆሙ። አባቦራ ወደ ሩፈይዳ አላዩም። ጡሎ ወዳለበት አቅጣጫ፣ ከቡናው በላይ ወደሚታየው ጉብታ ዞረው ቀሩ።

«ወደ እኔ?» አሉ።

«አዋርታኛለች እኮ» አሉ መምህር አብሳሎም ከአፋፉ። «ዋንዛው ጋ ነኝ ብላ…»

«እኔ ነኝ ቲቸር።»

አዴ ባህሪያ ቀስ ብለው መጡ። ሩፈይዳ በጥፊ እንደሚሏት አውቃ ዓይኗን ጨፈነች። ጥፊው አልመጣም። ስትገልጥ እጆቻቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን እያዩ ነበር።

«ሌሊቱን እጄን ይዘሽ አድረሻል» አሉ። «እጄን ይዘሽ።»

ለሩፈይዳ ጥፊው ይሻላት ነበር።

ከዚያ ሁሉም ባንዴ ተነሳ። ወጣቶቹ ዱላቸውን እየያዙ ከውሃው ወጡ፤ አንዱ ገመድ ፍለጋ ሮጠ። መምህር አብሳሎም ወደ ቆርቆሮው ሥር ተመልሰው ሬዲዮዎቹ ላይ ጎነበሱ። ሩፈይዳን ሳያዩ ነበር የሚያናግሯት።

«ሸለቆው ውስጥ ስልክ አይሠራም። የት እንደደረሳችሁ ማወቅ አለብኝ፤ የተገኘ ነገር ካለ መኪና በዚያ በኩል እልካለሁ። የሄደችበትን መንገድ ማን ያሳያል?»

«እኔ።»

«ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

ለእጃቸው የቀረበውን ሬዲዮ አንስተው አዲስ ባትሪ ከተቱበትና ዘረጉላት። አራት ቁጥር ነበር። ጭቃው ገና አልተጠረገም።

ሩፈይዳ እጇን ልትዘረጋ ብላ ወደ ጠረጴዛው አየች። አዴ ባህሪያ ተመልሰው ላፕቶፑ ፊት ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ቀይዋ ነጥብ ላይ ነው። አራት ቁጥር ቢበራ ያቺ ነጥብ ከዋንዛው ተነስታ መሄድ ትጀምራለች፤ እሳቸውም ያያሉ።

«እሱን አይደለም» አለች ሩፈይዳ። «አምስትን ይስጡኝ።»

መምህሩ አንድ ጊዜ ወደ አዴ ባህሪያ፣ አንድ ጊዜ በእጃቸው ወዳለው ሬዲዮ አዩ። ባትሪውን ከአራት አውጥተው አምስት ውስጥ ከተቱት።

ዋንዛው ጋ ሲደርሱ የተቀደደው ፌስታል አሁንም ቅርንጫፉ ላይ ይንጠለጠል ነበር። አባቦራ ከፊት፣ ሩፈይዳ ከኋላቸው፣ ሌሎቹ ተከትለው ወደ ግራ ታጠፉ። ሩፈይዳ ሬዲዮውን ወደ አፏ አስጠጋች።

«አምስት ቁጥር» አለችና ቁልፉን ለቀቀች። መልሳ ተጫነችው። «ሩፈይዳ ነኝ። ከዋንዛው ወደ ለገ ጉራቻ እየወረድን ነው። አባቷም አብረውኝ ናቸው።»

ሬዲዮው ለጥቂት ጊዜ ተንሿሿ።

«እያየሁሽ ነው፣ ሩፈይዳ» አሉ መምህሩ። ከድምፃቸው ጀርባ አዴ ባህሪያ ሲጠይቁ ተሰማ። «አምስት የት ደረሰች?»

መንገዷ እየጠበበች፣ እያዳለጠች ትወርዳለች። አባቦራ ዝናብ ያዘለውን የቡና ቅርንጫፍ እየያዙ ሩፈይዳን ያሳልፏታል፤ ከዚያ ቀድመዋት ይሄዳሉ። ብዙ ከወረዱ በኋላ፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ ጠየቋት።

«ምን ልትጠይቀኝ ነበር?»

«አልነገረችኝም» አለች ሩፈይዳ።

የወንዙ ድምፅ መሰማት ጀምሮ ነበር።